በጥርሱ ያዳመጠው ደምሴ

ደምሴ አረፈ አሉኝ። ልጁ ሰብለ ናት ከኤድመንተን ደውላ እያለቀሰች የነገረችኝ። እኔም ወዲያው ማልቀስ ሲገባኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ሌላ ነው። «ደምሴና ማረፍ መቼ ተስማምተው ያውቃሉ?» አልኩ በልቤ። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ራሱም አላረፈ፣ ሌላም ሰው አላሳረፈ። ነፍሱን ይማርና፣ አሁንም እዚያ በደረሰበት ቦታ በር የሚከፍትለትን መልአክ «ይቺ ማጠፊያ ዘይት ካየች ስንት ዘመኗ ነው?» ሳይለው አልቀረም።

በማግስቱ እዚህ ካልጋሪ፣ እሱ ይኖርበት በነበረው ሕንጻ ውስጥ ያለን አበሾች እኔ ቤት ተሰብስበን ለቅሶ ተቀመጥን። መቼም ሰው ሲሞት የሚወራው ደግነቱ ነው። አንዱ ጎረቤት «ትሑት ሰው ነበር» አለ። ታክሲ የሚነዳው ሙሉጌታ አቀርቅሮ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል አየሁት። ትሑት! ደምሴ ብዙ ነገር ነበር፤ በትሕትና በኩል ግን እንኳን ሊኖርበት አላለፈበትም። ቀጥላ እትዬ አስካለ «ሰው አስቀይሞ የማያውቅ» አለች። ከሁላችንም ይልቅ የተሰደበችው እሷ ስለሆነች፣ ይቅር ባይነቷን አደነቅኩ።

እንዲህ እየተባለ ከቀጠለ በአርባው ቅዱስ አድርገው ሊያነግሡት ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ብዕር መያዝ ብዙም ባይሆንልኝም፣ ሰውዬውን እንደነበረ ልጻፈው አልኩ።

ቤታችን ከሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ብዙ የማይርቅ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ነው። ከኋላው የመኪና ማቆሚያ አለ። ደምሴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በረንዳው ወደ ማቆሚያው የሚያይ ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖር ነበር። እዚህ አገር ሰው በረንዳ የሚፈልገው ተራራ ለማየት ነው፤ ተራራ ከታየበት ኪራዩም ይወደዳል። ደምሴ ግን የሚያየው የእኛን መኪና ነው። ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ ይወጣና፣ ማን ሞተሩን እንዳስነሳ፣ ማን እንዳቃተው፣ ማን ደግሞ ቢያስነሳውም ባያስነሳው እንደሚሻል ይታዘባል።

አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። እዚህ መጥቶ ግን እስከ ጡረታው ድረስ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል መጋዘን ውስጥ ካርቶን አነሳ። «ካርቶን ደግ ነው» ይል ነበር። «ሲወድቅም ሰበብ አያበዛ። ባለመኪና ግን ‹ምንም አላደረግኩትም፣ ዝም ብሎ ነው› ይልሃል። ዝም ብሎ የሚበላሽ መኪና የለም፤ ዝም ብሎ የሚያበላሽ ሰው ነው ያለው።»

የተዋወቅነው መኪና በያዝኩበት የመጀመሪያ ክረምት ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ፤ ቁልፉን ባዞር መኪናዬ አልነሳም አለች። አበሻ ደግሞ መኪና አልነሳ ሲለው ብቻውን አይቆምም። ለማልቀስ የተጠራ ይመስል ወንዱ ሁሉ ከየበሩ ወጣ። አንዱ ባትሪ ነው አለ። አንዱ ቤንዚኑ ረግቷል አለ። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፤ ኋላ ሲጠየቅ ካንዴላ የት እንዳለ አያውቅም። ሐኪሞቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ እንደ አገራችን ደንብ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ፤ ትገፋ ተባለ።

ሱፋቸውን እንደለበሱ፣ ነጠላቸውን እንደደረቡ፣ በረዶ ላይ በሚያንሸራትት ጫማ ገፏት። እኔ መሪ ይዤ ነኝ። ማቆሚያውን ከዳር እስከ ዳር አስኬዱኝ። ይሄኔ ከላይ ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

«ግፉ፣ ግፉ! በርቱ! ኤርፖርቱ ቅርብ ነው፤ እዚያ ስትደርሱ ምናልባት ትበር ይሆናል!»

ሁሉም ቀና አለ። የሻይ ብርጭቆ የያዘ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሽማግሌ ቆሟል።

«ኦቶማቲክ መኪና ገፍቶ ያስነሳ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም» አለ። «ከእናንተ መካከል ይወለድ እንደሆነ ብዬ ነው ቆሜ የማየው።»

ለካስ ማርሿ ኦቶማቲክ የሆነች መኪና ተገፍታ አትነሳም። አገር ቤት የምናውቀውን ዘዴ ይዘን ነው የመጣነው። እሱም በካልሲና በነጠላ ጫማ፣ በዚያ ብርድ ወረደና ኮፈኑን አስከፈተኝ። ከዚያ አንድ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ «ዝም በሉ» አለ። «እስካሁን እናንተ አወራችሁ፤ አሁን ደግሞ እሷ ታውራ። አዙር!»

አዞርኩ። ከኮፈኑ ሥር ጠጠጠጠጠ የሚል ድምፅ መጣ።

«ሰማችሁ? ጥርሷን እያፋጨች ነው። ርቧታል። ባትሪዋ ደክሟል፤ እናንተ ደግሞ የራባትን ሴትዮ ታሯሯጣላችሁ።»

ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ተበድሮላት አስነሣት። በዚያው ቆመን ትምህርት ሰጠን፤ ከዚያ ወዲህ ያን ትምህርት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ራሴም አላውቀው። ሞተሪኖ የምትባለው፣ ትልቁን ሞተር ለመቀስቀስ የተሠራች ትንሽ ሞተር ናት። «እናት በላት» ይላል። «ትልቁን ሰነፍ ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለች፤ እሱ ተነስቶ ይሄዳል፤ ምስጋና የለ።» ቁልፍ ስታዞርም ከሦስት አንዱን ትመልስልሃለች። ጠጠጠጠ ካለች ርቧታል፣ ባትሪውን እይ። አንድ ጊዜ ጠቅ ብላ ከቆመች፣ ልትነሳ ፈልጋ አቅም አጥታለች፤ ወይ ራሷ አርጅታለች፣ ወይ ወፍራሙ ሽቦዋ ተበልቷል። ጭራሽ ዝም ካለች ግን መልእክቱም አልደረሳትም፤ ቁልፉን፣ ማርሹን፣ ቀጫጭኑን ሽቦ ስትፈልግ ትውላለህ። «ሰው ግን» ይልና እኛን አንድ በአንድ ያየናል፣ «ሳያዳምጥ ባትሪ ሊገዛ ይሮጣል።»

ገንዘብ ብንሰጠው አይቀበልም። ክፍያው ስድቡን ቆሞ መስማት ነው። አንዳንዱ በገንዘብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር ይል ነበር።

እትዬ አስካለን ያገኛት ነገር እስካሁን ይወራል። ደግ ሴት ናት፣ ጸሎተኛ። አንድ ቀን መኪናዋ አልነሳ አላትና ደምሴ ኮፈኑን ከፈተ። የባትሪው ጫፍና ጫፍ ላይ ነጭና አረንጓዴ አረፋ እንደ ጎመን በቅሎበታል። ትንሽ አየውና ዞር አለ።

«አስካለ፣ ምን እያደረግሽባት ነው?»

«ኧረ ምንም! ጠበል ብቻ ነው፣ ጋሽ ደምሴ። መንገዱ አደጋ በዝቶበታል ብዬ፣ እሑድ እሑድ ከፈት አድርጌ ረጨት አደርግባታለሁ።»

«እንግዲህ ጠበሉ ሠርቷል» አላት። «አደጋ እንዳታደርስ ይኸው አሥሮ አስቀመጠልሽ።»

እሷ በእውነት የተመሰገነች መስሏት «አሜን» አለች። ደምሴም ፍል ውኃ በሶዳ አድርጎ አረፋውን አጠበ፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ አጠበቀ። ከዚያ ጠበሉን ተዪ አላላትም። ይዟት ወደ ጎማው ሄደና፣ «ከእንግዲህ እዚህ ርጪ። መንገዱን የሚረግጠው ይሄ ነው፤ ባትሪው ከቤቱ አይወጣ፣ ምን ያገኘዋል?» አላት። እስከ ዛሬ ጎማዋን ትረጫለች። ሲሰድብ እንዲህ ነበር፤ ስድቡን ስትቆጥር መንገዱን አሳይቶህ ሄዷል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲቲስኬፕ ሰፈር አዲስ ቤት የገዛ የአገራችን ልጅ ደወለለት። መኪናው ጭራሽ ዝም ብላለች። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ባለቤቱ መኪናዋን ከማሳየቱ በፊት ቤቱን አሳየን፤ ሳሎኑን፣ ምድር ቤቱን፣ ጋራዡን። ደምሴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞረ፣ የቀረበለትን ሻይ ጠጣ፣ ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ የማርሹን ዘንግ ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አደረገው። ፓርክ የሚባለው የማቆሚያ ማርሽ ላይ በደንብ አልገባም ነበርና፣ ያ ከሆነ መኪና አይነሳም። ቁልፉን አዞረ፤ ተነሳች።

«ቤቱ ቆንጆ ነው» አለ ሲወርድ። «ጋራዡም ቆንጆ ነው። መኪናዋም ምንም አልሆነች። ከተቻለህ ሾፌሩን ቀይር።»

ልጁ ሾፌሩ እሱ ራሱ መሆኑን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። እኛ እስክንወጣ ድረስ አልተቀየመም።

ጆሮው መቼ እንደደከመ በትክክል የምናውቅ የለንም። የሚሰድብ ሰው መደንቆሩ ቶሎ አይታወቅም፤ መልስ ስለማይጠብቅ። የገባን አንድ ቅዳሜ ነው። የጎረቤታችን መኪና ጠጠጠጠ እያለች፣ ሕፃን ሳይቀር እየሰማ፣ ደምሴ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ አዳመጠ፣ አዳመጠና «ጭራሽ ዝም ብላለች» አለ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የሰደበንን ሁሉ ለመበቀል ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም። የሚገርመው ግን አንድም ሰው አልሳቀ።

በሚቀጥለው ጊዜ እኔ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። መኪናዋ አንድ ጊዜ ጠቅ ስትል አንድ ጣቴን አነሳሁ። አየኝ።

«ምን ትቀስራለህ፣ ተፈራ? ክፍል ውስጥ ነህ?» አለኝ። ግን ያየው ጣቴን ነው፤ የሠራውም በጣቴ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሳንነጋገር ሕግ ሆነ። ጠቅ ካለች አንድ ጣት። ጠጠጠጠ ካለች ጣት ሁሉ ይርገበገባል። ጭራሽ ዝም ካለች ጡጫ። እሱ አላየሁም እያለ ያያል፤ እኛም አላሳየንም እያልን እናሳያለን። በረንዳ ላይ ቆማ የምታየን አንዲት ፈረንጅ ጎረቤት ኮፈን ከፍተን የምንጸልይ ነበር የሚመስላት።

ሰብለ የጆሮ ማዳመጫ ገዝታ ላከችለት። ለአንድ ቀን አደረገውና መሳቢያ ውስጥ ጣለው። «ያን ነገር ስከተው የፍሪጅ ድምፅ እሰማለሁ» አለኝ። «እዚህ ዕድሜ የደረስኩት ፍሪጅ ላዳምጥ ነው?»

ከዚያ ያ የሽሮ ነገር መጣ። ድስት ጥዶ ረሳው፤ አረረ፤ የጭስ ደወሉ ጮኸ። የሕንጻው ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ እየተከናነበ ውጪ ወጣ፣ እሳት አጥፊዎች መጡ። በሩን ከፍተው ሲገቡ ደምሴ ቁጭ ብሎ ዜና ያያል። ዓይኑ እያለቀሰ በጭሱ መካከል ያያል! ኋላ «እንዴት አላወቅክም?» ስለው፣ «ቴሌቪዥኑ ዓለም ሁሉ ሲነድ ነው የሚያሳየው፤ ጭሱ ከዚያ የመጣ መሰለኝ» አለኝ። ሳቅኩ። ሰብለ ግን አልሳቀችም። ልክ ነበረች፤ እኔም ልጁ ብሆን አልስቅም።

«አባዬ፣ ብቻህን መኖር አትችልም፣ ኦኬ? ዳን፣ አለቀ። ከእኔ ጋር ኤድመንተን ትኖራለህ» አለችው። ወራት ሙሉ ተከራከራት። «ኤድመንተን ማለት ካልጋሪ ጥፋት አጥፍታ በብርድ ስትቀጣ ናት» ይላል። «እዚያ የማውቀው ሰው የለ፣ የማውቀው መኪና የለ። ወንበር ላይ አስቀምጣ ልታጥበኝ ነው።» በመጨረሻ ግን «ወይ አንተ ትመጣለህ፣ ወይ እኔ ሥራዬን ለቅቄ እመጣለሁ» ስትለው ተሸነፈ። ልብሱን በአንድ ሻንጣ ከተተ። የመሣሪያ ሣጥኑን ግን ማንም እንዳይነካብኝ አለ።

የምትወስደው እሑድ ነበር። ብርዱ የአፍንጫ ፀጉር ያደርቃል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በቀን ብርሃን ሁላችንም ማቆሚያው ላይ ቆመናል። ሻንጣው ተጫነ። እቅፍ፣ መሳም፣ የእትዬ አስካለ ልቅሶ። ደምሴ ሲስሙት «በቃ፣ በቃ፣ ገና አልሞትኩም» ይላል። ሰብለ ገባች፣ ቁልፉን አዞረች።

ጠቅ።

ደግማ አዞረች። ጠቅ። ከዚያ ዝም።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የሁሉም ፊት በራ። ሰው በሌላ ሰው መኪና መበላሸት እንዲህ ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ልቅሶዋን አቁማ፣ «እግዚአብሔር ተናገረ!» አለች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ኖት ቱዴይ» አለች ሰብለ ወርዳ። «ነገ በጠዋት ሺፍት አለኝ። ጋራዥ ሁሉ ክሎዝድ ነው።» ስልኳን አወጣች። «ካልሆነ እኔ ዛሬ በባስ እመለሳለሁ። መኪናዋ እዚህ ትቆይ። የአባዬን ነገር በስፕሪንግ እናየዋለን፣ ምን አደርጋለሁ?»

በስፕሪንግ! እዚህ አገር በረዶው መቼ እንደሚለቅ ራሱም አያውቅ። እስከዚያ ድረስ ደምሴ ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማን ያውቃል፣ ሐሳቧንም ትለውጥ ይሆናል። ሙሉጌታ ወዲያው ተቀበላት፦ «ጥሩ ሐሳብ ነው ሰብልዬ! እኔ ባስ ጣቢያ አደርስሻለሁ፤ አሁኑኑ፣ ፍሪ!» ሙሉጌታ ሰው በነጻ ሲጭን የመጀመሪያው ነበር።

ደምሴ ግን ኮፈኑ ሥር ገብቷል።

«መብራት አብሪ» አላት። አበራች፤ ደማቅ ነው። «ክላክስ!» ነፋች፤ ሕንጻውን አናጋችው፤ ለእሱ የደረሰው ግን የሰው መደንገጥ ነው። «ባትሪው አልራበውም» አለ። «አሁን አዙሪ።»

ጠቅ አለች። ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ እጃችን መጣ። ፊት የቆመው ሙሉጌታ ነው። ሙሉጌታም ዓይኑን ሳያሽ ጡጫ አሳየው። ጭራሽ ዝም! ያ ማለት ቀጫጭኑን ሽቦ ሁሉ ሲፈልግ ይመሽለታል ማለት ነው።

«ጭራሽ ዝም?» አለ ደምሴ።

«ጭጭ ነው፣ ጋሼ። ሬሳ ናት።»

ወደ እኔ ዞረ። እኔን ያኔ ሳል ያዘኝ። ሁለቱም እጄ አፌ ላይ ነበር። ወደ አስካለ ዞረ። አስካለ ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

ደምሴ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈተና፣ እጀታው እንጨት የሆነ ረጅም ካቻቢቴ አወጣ። ጫፉን ሞተሪኖዋ አጠገብ ካለው ብረት ላይ አስደገፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጀታውን በጥርሱ ነከሰው። እንዲህ ሲያደርግ ከዚያ በፊት አይተነው አናውቅም።

«አዙሪ!» አለ፣ አፉ እንደሞላ።

አዞረች። ጠቅ። ደምሴ ዓይኑን ጨፍኗል። ድምፁ በእንጨቱ አልፎ፣ በጥርሱ አልፎ፣ ራስ ቅሉ ውስጥ ሲገባበት ፊቱ ላይ ይታያል። ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣ፣ በመሐረብ ጠረገ።

«ሙሉጌታ!»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ለካ ከእኔ ቀድመህ ደንቁረሃል። ኤድመንተን ይዤህ ልሂድ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ንፋሱ ነው...»

«ንፋሱ! ተፈራም ሳሉ ይሻለዋል። አስካለ፣ አንገትሽን መልሺ፤ ሰማዩ የትም አይሄድ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለው። የባትሪ ገመድ አመጣ፤ አንዱን ጫፍ ከባትሪው፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አያያዘ። በጋራዥ ቋንቋ ማሳ የሚሉት አንድ ወፍራም ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ሄዶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት። እሱን ጠርጥሮ ነው። «አዙሪ» አለ። ገና ከማለቱ መኪናዋ ተነሳች። ሰብለ አጨበጨበች። ከእኛ ወገን ግን ጭብጨባ አልነበረም።

«ስለተነሳች አልዳነችም፤ አጥፊ» አለ። የድሮውን ማሳ ፈቶ አወጣው። የመንገዱ ጨው በልቶታል፤ ላስቲኩን ሲልጠው ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ሣጥኑ ውስጥ ሌላ ደህና ሽቦ ነበረው። ባዶ እጁን፣ በዚያ ብርድ ብሎኑን ያጠብቅ ጀመር።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይደርቃል» አለ ሙሉጌታ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ። «ገባ ብለን ሻይ ጠጥተን፣ ሞቅ ብሎዎት፣ ቀስ ብለው ቢሠሩት...»

«ለእኔ ያዘንከውን ያህል ለተሳፋሪህ ብታዝን ዛሬ ሀብታም ነበርክ» አለው ቀና ሳይል።

ጨረሰ። ሰብለ አስነሳቻት። አስጠፋት። ደግማ አስነሳቻት። ሞተሩ እንደ ሰዓት ይሠራል። ደምሴ እጁን ኮፈኑ ላይ ጭኖ ንዝረቱን ያዳምጣል። ሰብለ የመስታወቱን በረዶ ፍቃ ልትጨርስ ወርዳ፣ ከመኪናዋ ወዲያ በኩል ቆማለች።

እኔ ጠጋ አልኩት። ጥያቄው የሁለታችን ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ዝቅ ባለ ድምፅ «ለምን?» አልኩት።

«ኧ?»

«ለምን ሠራኸው?»

«ኧ? ምን?»

ጆሮው ሥር ገብቼ «ለምን!» ብዬ ጮህኩ።

ገባው። ግራና ቀኙን አየ። ምስጢር እንደሚነግር ሰው አንገቴን ይዞ ጆሮዬን ወደ አፉ ሳበው። በእሱ ቤት ማንሾካሾኩ ነው። ድምፁ ግን እስከ ሦስተኛው ፎቅ ይሰማ ነበር።

«ልጄ ፊት አቅቶኝ ከምቀር፣ ችዬ ብሄድ ይሻለኛል» አለኝ። እንደገና ሳበኝ። «ደግሞ ይሄን ለራስህ ያዘው፤ ናፍቃኛለች። ብቻዬን ሰልችቶኛል፣ ተፈራ። ለእሷ ግን እንዳትነግራት፤ ትኮራብኛለች።»

ሰብለ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ፣ ፍቃ የጨረሰችውን እንደገና ትፍቅ ጀመር። ደምሴ ከእኔ ላይ ቀና ብሎ፣ ማንም እንዳልሰማ ለማረጋገጥ አንድ በአንድ አየን። ሙሉጌታ የጫማውን ክር ያስራል። አስካለ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እኛም ምን እናድርግ፣ ያን ቀን ሁላችንም ደነቆርን።